«ባለ 13 ስጠኝ»፦ የአሮጌ ፔጆ ብሎን ሲተካ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ለማጅ ከሐረር ሸዋ በር በኩል እየሮጠ ጋራዡ ድረስ መጣ። የያዘው ሥራ የአንድ ታክሲ ፔጆ 404 ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ያለው የውሃ መውጫ ብሎኑ ተቆርጦበት ሊተካ ነበር።

«ጋሼ፣ እየገባ እየገባ ቆመ» አለኝ።

«ከዚያስ ምን አደረግህ?»

«ጉልበት እንዲጨምር ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጠልኩበት።»

ቱቦ የሚለውን ስሰማ ሌላውን ሳይነግረኝ አወቅሁት። የ404 ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ በጉልበት ሲገባ የሚሸነፈው ብሎኑ አይደለም። ብሎኑ የሚጠመዘዝበት የቴስታታው ቀዳዳ ጥርስ ተልጦ እንደ ጥምዝ ሽቦ ከብሎኑ ጋር ወጣ። ልጁን አልተቆጣሁትም። የተቆጣሁት የላከውን አለቃ ነው፤ «ሂድና ባለ 13 ብሎን ግዛ» ብሎ ነበር የላከው።

ሐረርም ሆነ ድሬ ይህን ልማድ እስክንተወው ድረስ ስለሱ መናገር አላቆምም። 13 የቁልፍ ስም ነው፣ የብሎን ስም አይደለም። 13 ቁልፍ የሚይዘው ራስ ብዙ ጊዜ የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፣ እውነት ነው። ግን ከአሮጌ ላንድሮቨር የተፈታ የኢንች ብሎን፣ ዲያሜትሩ 5/16 ኢንች የሆነው፣ ራሱ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁልፍ እሱንም ትንሽ እየላላ ይይዘዋል። ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ8 ጋር በዓይን አይለይም። የሚለየው ጥርሱ ነው። የ8 ሚሊ ሜትሩ ተራ ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲራመድ ተራው የኢንች ብሎን 1.41 ይራመዳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል፤ «ልክ ነው» ያሰኛል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ያ ጥብቀት ብሎኑ «እኔ የዚህ ቀዳዳ አይደለሁም» የሚልበት ድምፅ ነው። እኛ ግን ቱቦ እንቀጥልበታለን።

ተቃራኒውም አለ። የጃፓን መኪና ላይ ያው የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ራሱ 12 ነው። የ10 ሚሊ ሜትሩ እንደ ሠሪው 14፣ 16 ወይም 17 ሊሆን ይችላል። ከቶዮታ የተፈታ የ10 ብሎን ብዙ ጊዜ ጥርሱ 1.25 ነው፤ ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጠው የ10 ብሎን ደግሞ 1.5። ሁለቱንም አንድ ቁልፍ ሊፈታቸው ይችላል፤ አንዱ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ግን አይገባም። እንግዲህ ሱቅ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ውፍረቱን፣ የጥርሱን ርቀትና ርዝመቱን። «የ8፣ ጥርሱ 1.25፣ ርዝመቱ 30» በሉ። ባለሱቁ ካልገባው አሮጌውን አሳዩት።

የጥርስ መለኪያ የለንም ትላላችሁ። አያስፈልጋችሁም። ማስመሪያ አስጠግታችሁ በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ጥርሶቹን ቁጠሩ፦ 8 ከሆነ 1.25 ነው፣ 10 ከሆነ 1 ነው። ከዚህም የሚቀለው፣ የምታውቁትን ብሎንና የማታውቁትን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሙና ወደ ፀሐይ ያዙ። በመካከላቸው ብርሃን ካልሾለከ አንድ ናቸው። የመጨረሻው ፈተና እጅ ነው። ትክክለኛ ብሎን በንጹሕ ቀዳዳ ውስጥ በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው ይገባል፤ ቁልፍ የሚነካው የብሎኑ ራስ ሲያርፍ ብቻ ነው።

አሮጌውን ብሎን መጣል። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ አትጣሉ።

አሁን ፔጆን ስለሚለየው ነገር። እነዚህ መኪኖች ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተሠሩ ናቸው፤ ቅርጻቸውን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አሸንፈዋል፤ እኛ ከተማ ደግሞ ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ባጃጅ ቢበዛባቸውም ዛሬም አሉ። ፈረንሳዮች በዚያ ዘመን የ7 ሚሊ ሜትር ብሎን ይወዱ ነበር። ጥርሱ 1 ነው፣ ራሱ 11። ሌላ አገር መኪና ላይ ብዙም አታገኙትም፤ ስለዚህም «ገበያ የለም» ተብሎ ቀዳዳው በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ይሰፋና የ8 ጥርስ ይወጣለታል። ይህን ያደረገ ሰው መኪናውን ያዳነ ይመስለዋል። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን የቀረው አሉሚኒየም ስስ ወረቀት ይሆናል፤ ሞተሩ ሲግል ይሰነጠቃል። ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ የ7 ብሎን ይዞ ሲመጣ ይወዛወዝበታል፤ ማን ምን እንደሠራ አያውቅም።

የ7 ብሎን አለ። ሥራ ያቆሙ ፔጆዎች ላይ አለ። አንድ ፔጆ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ካያችሁ ከመኪናው በፊት ብሎኖቹን ጠይቁ። እኔ በወተት ቆርቆሮ አጠራቅሜአለሁ፣ በላምባ አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ። ካጣችሁ ደግሞ ድሬ ውረዱ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከገባ ወዲህ ከወርክሾፑ የወጡ ባለሙያዎች እጅ ለልጆችና ለደቀ መዝሙሮች ተላልፏል፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጽ) አሮጌውን አይቶ አዲስ ያወጣላችኋል። ግን ከምን ብረት እንደሚሠራው ጠይቁት፤ ለግንባታ ከሚሆን ተራ ብረት የተቀረጸ ብሎን ለኮፋኖ (ለሞተር መሸፈኛው) እንጂ ለመሪ አይሆንም።

ይህ ወደ ጥንካሬ ይወስደናል። የብሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ካለ ከመበጠሱ በፊት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ያህል ይሸከማል። 4.8 የሚል ከሆነ ግማሹን። 10.9 ከሆነ 100 ያህል። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ እንደ ደካማው ቁጠሩት። የኢንች ብሎን ላይ ቁጥር ሳይሆን ሰረዝ ነው ያለው፤ ሦስት ሰረዝ መካከለኛ፣ ስድስት ሰረዝ ጠንካራ። ፍሬን፣ መሪ፣ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ንጣፍ ሞላ)፣ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ) ላይ ያልተጻፈበት ብሎን የሚያስገባ ሰው ከሐረር ተነስቶ ደንገጎን ሲወርድ መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ያስብ። የቴስቲናው ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው) መቆለፊያ ፒንም አንዴ ከታጠፈ በኋላ አይመለስም፤ አዲስ ግዙ፣ ዋጋው ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

የማይዝግ ብረት ብሎን ያማረ ነው፤ ብዙ ወጣቶች «ለዘላለም» እያሉ ቴስታታ ላይ ያስሩታል። እሱ አይዝግም፤ ግን ውሃ በሚነካው ቦታ አሉሚኒየሙን ራሱን ያስበላዋል። በዚያ ላይ አብዛኛው ከ8.8 የደከመ ነው።

የጭስ መውጫው ላይ ተራ ዳዶ አታስገቡ። የነሐስ ወይም የመዳብ ቅብ ያለውን ፈልጉ። ተራው በሙቀት ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀጥሎ ሲፈታ ብሎኑን ይዞ ይበጠሳል።

ርዝመትን በተመለከተ የራሴን ልንገራችሁ። ለማጅ ሳለሁ የውሃ ፓምፕ ብሎን ጠፋብኝና በ5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አገኘሁ። አሰርኩት፤ ቁልፉ ጠበቀ፤ ደስ አለኝ። የጠበቀው ግን የብሎኑ ጫፍ ከቀዳዳው ግርጌ ጋር ተጋጥሞ ነው እንጂ ፓምፑን ይዞ አልነበረም። ባለታክሲው በማግስቱ እንፋሎት እያወጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ዝግ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ከማስገባቴ በፊት የቀዳዳውን ጥልቀት በሽቦ እለካለሁ፤ ውሃ ወይም ዘይት ካለበትም እስኪደርቅ አጸዳለሁ፤ ፈሳሽ የሞላ ዝግ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ሲጠበቅ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ሞኖብሎክን (የሞተሩን ዋና አካል) ሊሰነጥቅ ይችላል። አጭር ብሎንም አደገኛ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው ጥርስ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ለ8 ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

አንዳንድ የድሮ ጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያለው ጎማቸው ዳዶ በተቃራኒ ይፈታል። እምቢ ሲላችሁ ቱቦ ከመቀጠላችሁ በፊት የብሎኑ ጫፍ ላይ ምልክት ፈልጉ።

የልጁ ቴስታታ ድሬ ወርዶ ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ጉባ (ቀዳዳውን የሚሞላ ቀለበት) ገባለት፤ በውስጡ ትክክለኛው ጥርስ ወጣ። ታክሲው ሁለት ቀን ቆመ። ቴስታታው ሲመለስ ልጁን ጠራሁትና የወተት ቆርቆሮውን ፊቱ አፈሰስኩለት። ማስመሪያ ሰጥቼ የሚሆነውን ራሱ እንዲፈልግ አደረግሁ። ሦስተኛው ላይ አገኘው፤ በሁለት ጣቱ እስከ መጨረሻው አስገባው።