ምንጣፉ ሥር ኦክ አገኛችሁ? እሰይ፤ አሁን ቀስ በሉ

ስልኬ የሚጮኸው እሁድ ማታ ነው። «ወንድሜ፣ ቁጥርህን ከሰው ወስጄ ነው። ወለሉ ትንሽ ጎድጎድ አለብኝ።» ትንሽ የምትለዋን ቃል ስሰማ የመኪና ቁልፌን መፈለግ እጀምራለሁ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወለል በማደስ 17 ዓመት ሆነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክ። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት የገዙ ናቸው። የምንጣፉን ጥግ ገለጥ ሲያደርጉ ከሥር ኦክ የሚባለውን ጠንካራ የእንጨት ወለል ያገኛሉ። ደስታቸው ልክ የለውም። ባለሙያ ውድ ነው፣ መፋቂያ ማሽን በቀን ይከራያል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በ12 ደቂቃ ያልቃል። ራሳችሁ መሥራታችሁን አልቃወምም፤ ይቻላል። ግን ያንኑ ጥፋት ደጋግሜ ሳይ አንጀቴ ያራል።

የጭነት መኪና ቀጥሮ ወለል መጀመር

«ዓርብ ክሎዚንግ ነው፤ ፈርመን ቤቱን እንረከባለን። ቅዳሜና እሁድ ወለሉን እንጨርሳለን። ሰኞ ዕቃ ይገባል።»

ይህን ያልሰማሁበት ወር የለም። እስኪ አብረን እንቁጠር። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ማውጣት፣ ከዚያ በጉልበት ተንበርክኮ ስቴፕሉን አንድ በአንድ በፒንሳ መንቀል። አንድ ቀን ሄደ። መፋቁ ሦስት ክፍል ከሆነ ለጀማሪ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሁለተኛው ቀን ወገብ የለም። ቀለሙን ልታጠቁሩ ማቅለሚያ ከቀባችሁ እሱ እስኪደርቅ ሌላ ቀን። ከዚያ ወለሉን የሚሸፍነው ግልጽ ቅብ፣ ፖሊዩሬቴን (በአጭሩ ፖሊ)፣ ሦስት እጅ። የውሃው ዓይነት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚደርቅ በቀን ሁለት እጅ ይቀባል። የዘይቱ ግን ለአንዱ እጅ ብቻ አንድ ቀን ይፈልጋል። ዕቃ ለማስገባት ከመጨረሻው እጅ በኋላ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን። ምንጣፍ ለመዘርጋት ለውሃው ሁለት ሳምንት፣ ለዘይቱ አንድ ወር። ሰኞ የት አለች?

ሰዉ የሚሳሳተው መድረቅንና መጠንከርን አንድ አድርጎ ነው። እጅ ላይ አልቀረም ማለት ደረቀ ማለት ነው። ጠነከረ ማለት አይደለም። ከላይ የደረቀ ወለል ከውስጥ ገና ለጋ ነው፤ የሶፋ እግር ይታተምበታል።

አንድ ባልና ሚስት የመጨረሻውን እጅ ሐሙስ ማታ ቀቡ። ቅዳሜ ቤት ምርቃት ጠርተዋል። ቄጠማ ቢጠፋ ከጓሮ እርጥብ ሣር ታጭዶ ተጎዘጎዘ። ረከቦቱ መሀል ላይ ተቀመጠ፣ ጸበል ተረጨ፣ አርባ ሰው ገባ። ሰኞ ጠርተውኝ ስሄድ የረከቦቱ አራት እግሮች ኦኩ ላይ ተቀርጸዋል። ሣሩ የተኛበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጭ ሆኗል፤ አንዳንዱ ሰበዝ ጭራሽ ተጣብቆ ቀርቷል። ሴትየዋ «ያው ተባርኳል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳሎኑን እንደ አዲስ ፋቅነው።

የድሮውን ኪራይ ቤት ሁለት ሳምንት ደርባችሁ ያዙ። ካልሆነ ዘመድ ጋ እደሩ። የሁለት ሳምንት ኪራይ ወለሉን ሁለቴ ከመፋቅ ይረክሳል።

ምን ላይ እንደቆሙ ሳያዩ ማሽን ማስነሳት

ጣውላው በተለምዶ 19 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ይህን ሰምቶ ብዙ የሚፋቅ ነገር አለ የሚል አለ። የለም። ጣውላዎቹ ወንዴና ሴቴ ሆነው ስለተያያዙ የሚፋቀው ከመጋጠሚያው በላይ ያለው ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከእናንተ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ደግሞ ሁለት ሦስቴ ፍቀውት ይሆናል።

ማወቅ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ ያለውን የማሞቂያ አየር መውጫ ፍርግርግ አንሱት። የጣውላው ጠርዝ ተቆርጦ ይታያችኋል። ስልካችሁን አብርታችሁ ለኩ። ከመጋጠሚያው በላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ከቀረ፣ ትልቁን ማሽን እርሱት። አንዳንድ ቤት ውስጥ ደግሞ ጣውላው ራሱ ከነሙሉ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ሚስማሮቹም ፊቱ ላይ ይታያሉ። እሱንም ለባለሙያ አሳዩ።

እዚህ ጋ ቀልድ የለም፦ ምንጣፉ ሥር ያገኛችሁት ኦክ ሳይሆን 9 በ9 ኢንች የሆነ ንጣፍ ወይም ጥቁር ሬንጅ መሳይ ማጣበቂያ ከሆነ፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። አትፋቁ፣ አትስበሩ፣ አትጥረጉ። ናሙና ላብራቶሪ ይመርመረው። እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት የቤት ቀለም አሜሪካ ውስጥ የታገደው በ1978 ነው። ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነና ወለሉ ቀለም ወይም የድሮ ቫርኒሽ ካለው፣ መጀመሪያ አስመርምሩ። ብናኙ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መርዝ ነው።

ማሽኑን አቁሞ ማውረድ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሰው ቤት መመገቢያ ክፍል ውስጥ። የብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበትን ባለ ከበሮውን ማሽን አስነሳሁ፣ ከበሮውን አወረድኩ፣ ከዚያ ገመዱ እግሬ ሥር ገብቶ ስለነበር ዝቅ ብዬ አየሁ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ስል ወለሉ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያስተኛ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገረም። የቀረውን ቀን ሙሉ በእጄ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ዙሪያውን ሳመሳስል ዋልኩ።

ከበሮው ሁልጊዜ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይበላል። መጀመሪያ መራመድ ጀምሩ፣ ከዚያ አውርዱት። ከመቆማችሁ በፊት አንሱት። በጣውላው ርዝመት ሂዱ እንጂ አቋርጣችሁ አትሂዱ። ገመዱን ትከሻችሁ ላይ ጣሉት። የሚያሳዝነው ጉድጓዱ በዚያ ሰዓት አይታይም። የሚታየው ፖሊው ከተቀባ በኋላ፣ የማታ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ነው። ያኔ ወለሉ እንደ ሐይቅ ይወዛወዛል። እሁድ ማታ የሚደወልልኝም ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ባለ ከበሮውን ተዉትና ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ እየተንቀጠቀጠ የሚፍቀውን ተከራዩ። ቀርፋፋ ነው። ይቅር ባይ ግን ነው።

ቁጥር መዝለል

በቁጥር 36 የብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ በ60 ቀጥሉ፣ በ100 ጨርሱ። «36ቱ ሸካራ ስለሆነ ፈራሁት» ብሎ በ80 የሚጀምር ሰው ወረቀቱ በድሮ ቫርኒሽ ይደፈንበትና ሃያ ወረቀት ይጨርሳል። ከ36 ወደ 100 የሚዘልም ጭረቱን ፖሊው ሥር ለዘላለም ያስቀምጠዋል።

የወጣ ሚስማር ካለ መጀመሪያ በመዶሻ ወደ ውስጥ አስጥሙት። ወረቀት መቅደዱ ብቻ አይደለም፤ ብልጭታው ሰጋቱራው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቱን ማታ ሳታራግፉ ቤት ውስጥ አታሳድሩ። የተጠራቀመ ሰጋቱራ ጢስ ሳያሳይ ለሰዓታት ውስጥ ለውስጥ ሊግም ይችላል።

ስንጥቁን በጥር በስቱኮ መሙላት

ክረምት ላይ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ ጣውላው ይኮማተራል፣ በመሀል ክፍተት ይታያል። ሰዉ ስቱኮ ይጠቀጥቅበታል። ሐምሌ ላይ የዚህ አገር ወበቅ ሲመጣ ጣውላው ያብጥና ስቱኮውን እንደ ፍርፋሪ ይተፋዋል። ቀጫጭኑን ክፍተት ተዉት፤ በጋ ላይ ራሱ ይገጥማል።

ጥቁሩን ነጠብጣብ እያሳደዱ መፋቅ

የውሻ ሽንት ወይም የአበባ ማሰሮ ውሃ ኦክ ውስጥ ሲዘልቅ ጥቁር ያደርገዋል። ወደ ታች ብትፋቁም ይከተላችኋል። በኦክሳሊክ አሲድ ሞክሩ፤ ካልለቀቀ ያቺን ጣውላ አውጥታችሁ ሌላ ተኩ። ሰው ይህን ለማስለቀቅ ብሎ መኝታ ቤቱ መሀል ሣህን የሚያህል ጉድጓድ ሠርቶ አይቻለሁ።

የብረት ሽቦ በውሃ ፖሊ መሀል

ይህም የእኔ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው እጅ መካከል ድስት መፈግፈጊያ በምትመስለው ቀጭን የብረት ሽቦ አለሰለስኩ። ደቃቁ ብረት ኦኩ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀረ፤ የውሃው ፖሊ ሲነካው ዛገ። በሳምንቱ ወለሉ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት መሰለ። ቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት በቂ ነው።

ጨርቁን ጠቅልሎ ጥግ መጣል

በዘይት ማቅለሚያ ወይም በሊንሲድ (በተልባ) ዘይት የራሰ ጨርቅ ያለ ክብሪት ይነዳል። ሳወራ ማንም አያምነኝም። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ከተጠቀለለ ግን መሀሉ ይታመቅና ይቀጣጠላል። እናንተ ደክማችሁ ከተኛችሁ ከሰዓታት በኋላ ማለት ነው።

ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባል 38 ፎቅ ሕንፃ ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 ከ22ኛው ፎቅ እሳት ተነሣ። መነሻው የግድግዳ እንጨት ያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት በሊንሲድ ዘይት የራሰ ጨርቅ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሕንፃው ዳግም ሥራ ላይ ሳይውል በ1999 ፈረሰ። በጨርቅ!

እያንዳንዱን ጨርቅ ውጭ አጥር ላይ ለየብቻ ዘርጉት፤ እንደ ቋንጣ እስኪደርቅ። ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም የብረት ጣሳ ውስጥ ክተቱት። የዘይቱን ፖሊ ስትቀቡም መስኮት ክፈቱ፤ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ቋሚ መለኮሻ እሳት ካለው አጥፉት።

ቀሪዎቹን በአጭሩ

የፖሊውን ጣሳ አትነቅንቁ፤ አረፋ ይሠራል፣ አማስሉት። የድሮ ሰም ካለ ፖሊው አይዝም፤ ጨርቅ በአኳራጅ ነክራችሁ ስታሹ ቢጫ ነገር ከወጣ ሰም ነው። ዞኮሎውን ስትነቅሉ ከኋላው ቁጥር ጻፉበት። በባዶ እግር አትቀቡ፤ የላብ እግር ምልክት ይቀራል፤ ካልሲ አድርጉ።

ደግሞ ከበር ጀምራችሁ አትቀቡ። ይህን መጻፍ አያስፈልግም ብዬ ነበር። ባለፈው በጋ ግን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ደወለልኝ። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት። መኝታ ቤቱን ቀብቼ ጨረስኩ። ግን መስኮቱ ጋ ነኝ።»

«ውጣበታ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ነው።»

«የውሃ ነው የዘይት?»

«የውሃ።»

«በል ካልሲህን ሳታወልቅ ቁጭ በል። የምትጠብቀው ለሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ስልክህ ቻርጅ አለው?»