ስላይደሩ በሩን ነካ፣ ይንኳኳል፣ ድንጋይ ላይ ይይዛል፦ የሮክ ስላይደር ችግርና መፍትሄ

ሮክ ስላይደር ማለት ከመኪናው በሮች ስር በጎን ሻንሲው (የመኪናው የብረት አፅም) ላይ ሚታሰር፣ መኪናው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ቦዲውን ሚጠብቅ ጠንካራ ቱቦ ነው። ስላይደር ያስገጠመ ሰው መኪናው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲነሳ የበሩ ስር ተጨራምቶ ካገኘው መጀመሪያ ሚወቅሰው ቱቦውን ነው፣ ቀጭን ነበር፣ ርካሽ ነበር ምናምን። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው እግሩ ላይ ነው፣ ማለትም ቱቦውን ከሻንሲው ጋር ሚያገናኙት አጫጭር እግሮችና ሻንሲው ላይ ሚያርፉት ፕሌቶች ላይ። ስለዚህ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ገብታችሁ እግሮቹን አንድ በአንድ እያያችሁ ብታነቡት ይሻላል፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን በጭራሽ አትግቡ፣ ስታንድ ይደረግበት።

ስላይደሩ ወደ ላይ ታጥፎ በር አላስከፍት አለ

እግሩ የት ጋ እንደሚያልቅ እዩ። ከበሩ ስር ያለው የቦዲ ላሜራ ላይ ከታሰረ እሱ ስላይደር አይደለም፣ ለመውጫ ሚሆን መርገጫ ነው፣ የፈለገ ወፍራም ቢመስል የመኪናውን ክብደት አይችልም። እሱን ማጠናከር ልፋት ነው፣ አውልቃችሁ ሻንሲ ላይ ሚታሰር ግዙ።

ሻንሲው ላይ ታስሮም ከታጠፈ ወይ ቱቦው ሳስቷል ወይ እግሩ አንሷል። ዲኦኤም ሚባለው (ከተበየደ በኋላ በቅርፅ ማውጫ ተስቦ ስፌቱ የተስተካከለ፣ ጠንከር ያለ) ቱቦ 3 ሚሊ ግድግዳ ኖሮት ለቀለል ያለ መኪና ይበቃል፣ ተራው ስፌት ያለው ቱቦ ከሆነና መኪናው ዕቃ ሚሸከም ከባድ ፒክአፕ ከሆነ ግን ወደ 4.8 ሚሊ ሂዱ። እግር ደግሞ በአንድ ጎን ሶስት፣ ለረጅም ደብል ጋቢና አራት ቢሆን ነው ሚመረጠው፣ ምክንያቱም ሁለት እግር ብቻ ሲሆን መሀሉ ረጅም ባዶ ቦታ ይሆንና ድንጋዩ ሁሌ እዛ ባዶው ላይ ነው ሚያርፈው።

ሳትወጡ እዛው ግቢ ውስጥ መፈተሽ ትችላላችሁ፦ ሜዳ ቦታ ላይ ክሪኩን ከውጪኛው ቱቦ ስር፣ እግር ባለበት ሳይሆን በሁለት እግሮች መሀል አድርጉና ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ እያነሳችሁ በስላይደሩና በቦዲው መሀል ያለውን ክፍተት እዩት። ትንሽ ሚሊ ተጠግቶ ስታወርዱት ከተመለሰ ሰላም ነው። ክፍተቱ ከተዘጋ ወይም ስታወርዱት ካልተመለሰ ድንጋይ ላይ እንዳትሞክሩት። አንዴ የታጠፈን ቱቦ በእሳት አሙቆ ማቅናት ሚባለውን ነገር እኔ አልመክርም፣ በሚቀጥለው እዛው ቦታ ላይ ነው ሚታጠፈው፣ ቱቦውን ማስቀየር ይሻላል።

ኮረኮንች ላይ ኳ ኳ ይላል

ይሄ ብዙ ሰው ያማርራል፣ ሁለት የተለያየ ነገር ስለሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሻንሲ መኪና ቦዲው ጎሚኒ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ መንገድ ሲከፋ ቦዲው ከሻንሲው ተነጥሎ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፣ ስላይደሩ ግን ከሻንሲው ጋር ነው ሚሄደው። ለውበት ተብሎ ቦዲው ላይ ጥብቅ አድርገው ሲያስጠጉት መነካካቱ አይቀርም። የቦዲውን የታች ጠርዝ በጣታችሁ ዳሱት፣ ቀለሙ ተፍቆ ያበራ ቦታ ካለ እሱ ነው፣ ቢያንስ 2 ሳንቲም ክፍተት እንዲኖር ዝቅ ይደረግ።

የተፋቀ ነገር ከሌለ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። አዲስ ሲገጠም ፕሌቱ ስር ያለው ቀለም ከጊዜ በኋላ ስለሚጨፈለቅ ቡሎኑ ማንም ሳይነካው ይላላል፣ በተለይ ሻንሲውን አቅፎ በሚያስረው ዩ ቡሎን ሚያዝ ከሆነ። ጥንካሬው 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ ጭንቅላቱ ላይ የተፃፈበት ቡሎን፣ ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ አድርጉ፣ አምራቹ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ (ለደረቅ 12 ሚሊ 8.8 ቡሎን ብዙውን ጊዜ 80 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው) እና ከዳዶው ጀምሮ ፕሌቱ ድረስ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዞሯል ማለት ነው፣ ቁልፍ ሳትይዙ በአይን ታውቁታላችሁ። የተወሰነ መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ድጋሚ ማጥበቅ ግድ ነው።

ሻንሲው ጎደጎደ ወይ ተሰነጠቀ

ይሄኛው ነው ሚያስፈራኝ። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ሳጥን ከሆነና ቡሎኑ ከዳር እስከ ዳር ካለፈበት፣ ስታጠብቁት ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ ይጨምቃቸዋል። በመሀል ቡሎኑ ሚያልፍበት የብረት ቱቦ መግባት አለበት፣ ከኪቱ ጋር ካልመጣ ሳታሰሩት ጠይቁ።

በብየዳ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ ሚጀምረው ከብየዳው ጫፍ ነው። እግሩን በቀጥታ ሻንሲው ላይ የበየደ ሰው ካለ ወይም ፕሌቱ እንደ ክብሪት ቀፎ ትንሽ ከሆነ ጭነቱ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ፕሌቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ፣ ሰፋ ያለ፣ ማዕዘኑ የተጠጋጋ ይሁን፣ የሻንሲውን የላይና የታች ጠርዝ ደግሞ አትብየዱት አትብሱት፣ ጭነቱን በዋናነት ሚሸከመው እሱ ነው። የተሰነጠቀውን ላዩ ላይ ፕሌት ለጥፎ መሸፈን አይሰራም፣ ስንጥቁ ተፈልቅቆ ጫፉ ተበስቶ በደንብ በሚያውቅ በያጅ ነው ሚሰራው፣ እስከዛ ገደል መንገድ ይቅር።

ከተገጠመ በኋላ ፍሬን ላላ፣ ወይ ዳሽቦርድ ላይ መብራት በራ

ፍሬኑ ላላ ካለ መኪናውን አታንቀሳቅሱት። ከሻንሲው በውስጥ በኩል የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና ገመድ ያልፋል፣ ትራፓኖ በዝቶ ከገባ ወይም ፕሌቱ ከተጫነው ይበሳል ይጣመማል። ከመብሳታችሁ በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳሱ፣ ሚፈታውን ፈታታችሁ አርቁት። መብራቱ ከብየዳ በኋላ ከመጣ ብዙ ጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀል ስለተበየደ ነው፣ የብየዳው መሬት ሽቦም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ መሆን አለበት እንጂ ፓራውልት ላይ አይታሰርም።

ከመንሸራተት ይልቅ ይይዛል

ስሩን እዩ፦ ወደ ታች የወጣ የቡሎን ጭንቅላት፣ ከሻንሲው በታች የተንጠለጠለ እግር፣ ያልተፈጨ የፕሌት ጠርዝ። እነዚህ ድንጋዩን ይነክሳሉ፣ ቡሎኑን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በጎን ሚያስገባ ፕሌት ምረጡ፣ ጠርዙን በግራይንደር አለስልሱት። አሉሚኒየም ስላይደር ደግሞ ክብደት ይቀንሳል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩ እየፋቀው ይገባበታል፣ ለድንጋይ ከሆነ ብረት ውሰዱ። ወደ ውጪና ትንሽ ወደ ላይ ዘንበል ያለው በሩን ከጎን ይጠብቃል፣ ጠፍጣፋው ለመርገጫ ይመቻል፣ እሱ የምርጫ ጉዳይ ነው።

የኋላ ጫፉ ወደ ውጪ ወጣ ያለው ግን ጠባብ ቦታ ላይ ስትታጠፉ የመኪናውን የኋላ ጎን ከዛፉ ስለሚገፋላችሁ ረጅም መኪና ካላችሁ እሱን ፈልጉ።

የዝገት ውሃ ያንጠባጥባል

ጫፉ አልተደፈነም ወይም ከስር ማፍሰሻ ቀዳዳ የለውም። ጫፉን ድፈኑ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ፓውደር ኮት (በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት ሚጋገር ቀለም) ሲላጥ ዝገቱ ከስሩ ተደብቆ ስለሚሄድ ተራ ቀለም ይቀላል፣ ፍቃችሁ ትቀቡታላችሁ።

ቀዳዳው አልገጥም አለ

ቀዳዳውን ለማስፋት አትቸኩሉ። አንዱን እግር ቀድሞ አጥብቆ ሌላውን መፈለግ ነው ሚያጣምመው። ክሪክ ስሩ አድርጋችሁ ስላይደሩን ደግፉት፣ ሁሉንም ቡሎን በእጅ ብቻ አስጀምሩ፣ ከዛ ከመሀል ወደ ዳር እያላችሁ አጥብቁ። አሁንም እምቢ ካለ የግራውን በቀኝ ይዛችሁ እንደሆነ እዩ፣ እሱም ካልሆነ ሻንሲው ቀድሞ ተመቶ ሊሆን ስለሚችል ስላይደሩን ትታችሁ ሻንሲውን አስለኩ።