ለቤት ውስጥ ጥንቸል የመጫወቻ አጥር ሲመርጡ

ጅማ ውስጥ በቤቱ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው የመጫወቻ አጥር ሲገዛ ወይም ብየዳ ቤት ሲያሠራ፣ ከስፋቱ አስቀድሞ የፍርግርጉን ክፍተት ቢመለከት ይበጀዋል፤ ለአዋቂ ጥንቸል እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክፍተት የማያሰጋ ሲሆን፣ ግልገሎች ግን በዚያው ሊሾልኩ ወይም ጭንቅላታቸው ሊቀረቀር ስለሚችል ጠበብ ያለ የሽቦ መረብ ያስፈልጋቸዋል። ቁመቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ እምብዛም ለማይዘለው ጊኒ ፒግ (ጭራ አልባ ትንሽ የቤት እንስሳ) ግማሹ ይበቃል። ጥንቸል ፕላስቲክንም ሆነ ቀለም የተቀባ እንጨትን ስለሚቆረጥም ብረት ይሻላል።

ወለሉ ግን በፍጹም ሽቦ መሆን የለበትም፤ የጥንቸል መዳፍ እንደ ድመት መዳፍ ለስላሳ ትራስ የሌለውና በፀጉር ብቻ የተሸፈነ በመሆኑ በቀላሉ ይቆስላል። ሴራሚክም ስለሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍበት። የቡና ገለባ በከተማችን እንደ ልብ ቢገኝም፣ ካፌይን ስላለው ለጉዝጓዝ አይመከርም፤ ደረቅ ሣር ይሻላል፣ ዋና ምግቡም እርሱው ነውና። አጥሩ ቀላል ከሆነ ጥንቸሉ እየገፋ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል፣ በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።