አርጃኖ ማርባት፦ ከማይጣለው እንቁላል እስከማይፈለፈለው

ባሕር ዳር ላደገ ሰው አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውሃ ዳር እንሽላሊት፣ ብርቅ አይደለም። ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ሹልክ ሲል፣ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ሲለቃቅም አይተነዋል። ዶሮ ያለው ሰው ደግሞ በእንቁላል ሌብነቱ ያውቀዋል። ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ማርባት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። አብዛኛው ጊዜ የባከነው በአንድ ምክንያት ነው፤ በዶሮ ዕውቀት አርጃኖ ላረባ መሞከሬ።

ከሁሉ በፊት ወረቀት። አርጃኖ የዱር እንስሳ ነው። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ከዱር ይዞ ቤት ማስገባት አይቻልም። ዓለም አቀፍ ንግዱም በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚገዛበት ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ደንገሉ ውስጥ ይየው፤ ማየት በነጻ ነው።

ሁለተኛ፣ የኛው የአባይ አርጃኖ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይናከሳል፣ ይቧጭራል፣ በጭራው ይገርፋል። ውጭ አገር ቤት ውስጥ በደንብ የሚረቡት በአብዛኛው ትንንሾቹ የአውስትራሊያ ዝርያዎች ናቸው። ችግሮቹ ግን ይመሳሰላሉ። መጠኑ ነው የሚለያየው።

«ይተቃቀፋሉ፣ እንቁላል ግን የለም»

የመጀመሪያው ዓመቴ እንዲህ አለፈ። በኋላ እግራቸው ቆመው ደረት ለደረት ሲተቃቀፉ እያየሁ «ፍቅር ጀመሩ» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ለካ ትግል ነው። ሁለቱም ወንድ ነበሩ። ወንድ አርጃኖዎች ተያይዘው ይቆማሉ፣ አንዱ ሌላውን እስኪጥል ይታገላሉ።

የአርጃኖን ጾታ በዓይን መለየት ያሳስታል። «ጭንቅላቱ ሰፊ ነው፣ የጭራው ሥር ወፍራም ነው» የሚባለው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራል። የተሻለው መንገድ ለእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ ማሳየት ነው። እኔ የወሰድኩበት ሐኪም «በዚህ ማሽን እስካሁን ላም ብቻ ነው ያየሁበት» ብሎ ሳቀብኝ። አየና ግን ነገረኝ። አንዱን ወንድ በሌላ ክፍል ለየሁት፤ ሴት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

በተቃራኒው ብቻዋን የምትኖር ሴት እንቁላል ብትጥል አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። የአርጃኖ ትልቁ ዘመድ የኮሞዶ ድራጎን፣ እንግሊዝ አገር ቼስተር መካነ እንስሳት ውስጥ፣ ወንድ ሳታገኝ የጣለቻቸው እንቁላሎች በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተፈልፍለዋል። ይህን ለእናቴ ስነግራት አማተበች።

«ወንድና ሴት ናቸው፣ ግን ዞር ብለው አይተያዩም»

ሙቀት ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ሙቀት ነው።

«ባሕር ዳር እኮ ሞቃት ነው» ትሉ ይሆናል። ለሰው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነን። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብርድ ነው። አርጃኖ ደግሞ ሲሞቅ የሚቀመጥበት ድንጋይ ወይም ጣውላ፣ ላዩ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይገባል። አየሩ አይደለም፣ የሚተኛበት ቦታ ነው። ከክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ከ25 እስከ 28 የሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሲበቃው የሚሄድበት።

ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ያንን የድሮውን ቢጫ አምፖል ወይም ሃሎጅን ፈልጉ። አንድ ትልቅ አምፖል አናት ላይ ከማንጠልጠል ሁለት ሦስት መካከለኛ በመደዳ ይሻላል። አለዚያ ጀርባው አንድ ቦታ ላይ እየተቃጠለ ጭራው ይበርደዋል። አምፖሉ በጥፍር የማይደረስበት ይሁን። የቀኑን ርዝመት 12 ሰዓት ገደማ አድርጉት።

ልኩን በግምት አትወቁ። በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ የሚደገነው መለኪያም አይሆንም፤ የተሠራው ለሰው ሰውነት ሙቀት ነው። የዕቃ ሙቀት የሚያነበውን፣ ኤሌክትሪሺያኖችና የማቀዝቀዣ ጠጋኞች የሚይዙትን ዓይነት አግኙ።

ሙቀቱ ተስተካክሎም ካልተገናኙ ውፍረታቸውን እዩ። በሥጋና በዓሣ የወፈረ አርጃኖ ለመራባት ግድ የለውም። እኔ አምባዛ በየቀኑ ስሰጥ ነበር። ቀነስኩ፤ በረሮና ፌንጣ ጨመርኩ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ለያይቼ እንደገና አገናኘኋቸው። ያን ጊዜ ተግባቡ።

«ትቆፍራለች፣ ትተዋለች። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ጣለችው»

እዚህ ጋ ረዘም ላድርገው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

የኔዋ ሴት ከተገናኙ ከአንድ ወር በኋላ እረፍት አጣች። ጥግ ትጭራለች፣ ትተዋለች። ሌላ ጥግ ትጭራለች። አንድ ጠዋት የመጠጫ ገንዳዋ ውስጥ 19 እንቁላል አገኘሁ። ሁሉም ሞቷል። የዶሮ ጎጆ ነበር የሠራሁላት፤ ሳጥን፣ ድርቆሽ፣ ጨርቅ። ዶሮ ብትሆን ደስ ይላት ነበር።

በዱር እናት አርጃኖ ዝናብ ሲያለሰልሰው ኩይሳ ትቆፍራለች። እንቁላሏን ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል። ኩይሳ ውስጡ ሌሊትም ቀንም ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፣ እርጥበቱም አይጠፋም። ምስጥ ሳያውቅ የሰውን ልጅ ያሳፍራል፣ እንደ እኔ ያለውን ማለቴ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልጋት ጥልቀት ነው። የክፍሉን አንድ ጥግ በብሎኬት ከልዬ 80 ሳንቲ ሜትር አፈር ሞላሁ። ለትንንሾቹ ዝርያዎች ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የአፈሩ ዓይነት ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከግቢያችን ዋልካ ሞላሁ። ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። አሸዋ ብቻ ደግሞ ጉድጓዱ በላይዋ ይናዳል። የሠራልኝ ቀይ አፈርና አሸዋ ተቀላቅሎ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በእጃችሁ ጨብጡት። ቅርጹን ይዞ ከቀረና ጠብታ ካላወጣ ልክ ነው።

ከዚያ የአፈሩ ሙቀት። ታች፣ እንቁላሉ በሚቀመጥበት ጥልቀት፣ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ መሆን አለበት። ከላይ አሙቁት፣ ከሥር አይደለም። ከሥር ማሞቂያ ካስገባችሁ ስትቆፍር ወደ እሳት እየሄደች ይመስላታል። ቀናት ይፈጃል፣ ስለዚህ ሆዷ ሳይከብድ ጀምሩ።

መጨረሻ ላይ ተዉአት። ወንዱን አውጡ። ጥጉን በጣውላ ጋርዱ። እኔ በቀዳዳ አጮልቄ አየሁና ስድስት ቀን ሙሉ መቆፈር አቆመች።

መጣሏን የምታውቁት ሆዷ ሟሽሾ ቆዳዋ ሲንጠለጠል፣ አፍንጫዋ ላይ አፈር ሲደርቅና ረሃቧ ሲብስ ነው።

«ሆዷ ተወጥሯል፣ አትበላም፣ ዓይኗ ገብቷል»

እዚህ ጽሑፍ ማንበብ ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቷል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመጣያ ቦታ ማጣት ነው፤ ሌላ ጊዜ የካልሲየም እጥረት ወይም የውሃ ጥም። ሆዷን አትጫኑ፣ እንቁላሉ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። አንዳንዴ ከቀዶ ጥገና ሌላ መውጫ የለውም። ለወደፊቱ ምግቧ ላይ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነስንሱ፣ ፀሐይም በቀጥታ ትሙቅ። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም።

«እንቁላሉ ጥሩ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት በሰበሰ»

ሁለተኛው ዙር። 22 ነጫጭ፣ ወጠር ያሉ እንቁላሎች። ጎረቤታችን ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ ያረቡ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ በቀን ሦስቴ ካላገላበጥከው ይጣበቃል» አሉኝ። ለዶሮ ልክ ናቸው። እኔም አገላበጥኩ። አንድም አልተረፈም።

የዶሮ ጽንስ ቅርፊቱ ላይ እንዳይጣበቅ መገላበጥ አለበት። የአርጃኖ ጽንስ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይኛው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ስትገለብጡት ይቀደዳል ወይም ይታፈናል። ስለዚህ ከአፈር ስታወጡት በተኛበት አኳኋን አንሱት። አናቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ እስከ መጨረሻው ቀን ወደ ላይ ይሁን። በውሃ አትጠቡት።

ማስቀመጫው ቬርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል ማዕድን) ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሚዛን አንድ እጅ ቬርሚኩላይት፣ አንድ እጅ ውሃ። ካጣችሁ እንቁላሉን ከውሃ በላይ በወንፊት መሰል መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ውሃው አይንካው። ክዳን ያለው ዕቃ ይሁን፣ በሳምንት አንዴ ከፍታችሁ አየር አስገቡ።

ስለ መልኩ በአጭሩ። በቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ከተሰረጎደ መጀመሪያውንም ባዶ ነበር። መሃል ላይ ከተጨማደደ ውሃ አጥሮታል፤ ዙሪያውን አርጥቡ፣ እንቁላሉ ላይ አታፍስሱ። መጨረሻው ሲደርስ ከተሰረጎደና ላቡን ካወጣ ግን እልል በሉ፣ ሊወጣ ነው። ሻጋታ በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል። በጨለማ የስልክ መብራት ከጎኑ ስትይዙበት ቀያይ ሥሮች ከታዩ ሕይወት አለው።

«መብራት ሄደ»

ይሄዳል። መፍትሄው ለመሄዱ መዘጋጀት ነው። እኔ የተበላሸ ፍሪጅ ነው እንቁላል ማሞቂያ ያደረግኩት። በሩ በደንብ ይዘጋል፣ ሙቀት ይይዛል። ታች ላይ ውሃ የሞላባቸው የሁለት ሊትር ኮዳዎች ደረደርኩ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልሳል።

ብዙ ሰው ቅዝቃዜ ይፈራል። ለጥቂት ሰዓት 22 ላይ ቢወርድ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሞትም። ገዳዩ መጋል ነው። ከ33 በላይ ከቆየ ጽንሱ ያልቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ያለ ምንም ማሞቂያ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፍሪጁን ከቆርቆሮው ሥር ሳይሆን ከቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጡ። ቴርሞስታት፣ ሙቀቱ ልክ ሲደርስ የሚያጠፋው፣ ግድ ነው፣ መብራት ሲመለስ ከሚመጣው የቮልቴጅ ጭማሪ ደግሞ በስታብላይዘር ጠብቁት። ልኩ ከ29 እስከ 30 ነው። በነገራችን ላይ ሙቀቱ የልጆቹን ጾታ አይወስንም። እሱ የአዞ ነገር ነው።

«ቀኑ አለፈ»

የትኛው ቀን? ዶሮ 21 ቀን ነው። ትንንሾቹ አርጃኖዎች ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃሉ። የአባይ አርጃኖ እንደ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ብዙ ወር ሊቆይ ይችላል። ካልሸተተና ካልፈሰሰ አትጣሉት። አንዱ ቅርፊቱን ሰንጥቆ አፍንጫውን ካወጣ በኋላ አንድ ቀን ከዚያም በላይ እዚያው ሊተኛ ይችላል። አስኳሉን እየጨረሰ ነው። በምላጭ «ልርዳው» ያለ ሰው ብዙ ጫጩት ገድሏል።

በሦስተኛው ዙር 17 እንቁላል አስገባሁ፣ አራት ወጡ። አራቱንም ለየብቻ አኖርኳቸው፣ እርስ በርስ ይናከሳሉና። ሳልሞኔላ ስለሚያስተላልፉ ማንም ነክቷቸው እጁን ሳይታጠብ አይወጣም፤ የእህቴ ትንሽ ልጅ ጭራሽ አትነካቸውም። ለፈቃዱ ክፍል አሳውቄያለሁ፣ በራሴ ሥልጣን ጣና ዳር ወስጄ አለቅም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልበሉም፤ አስኳሉ ሆዳቸው ውስጥ አለ። በአምስተኛው ቀን በረሮ ጣልኩ። ትንሿ ምላሷን ሁለት ጊዜ አወጣች፣ ከዚያ በረሮውን ትታ ጣቴ ላይ ዘለለች።