የተጠበሰበት ዘይት በናፍጣ መኪና፦ ከጀሪካኑ እስከ ሞተሩ

ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት መኪና ያስነዳል ስል ሰው ይስቃል። ያስነዳል። በአሮጌዋ ላንድክሩዘሬ ስሞክረው ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጀማሪ ሲጠይቀኝ ግን መጀመሪያ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ጋራዥ ውስጥ አይደለም፣ ጓሮ ያለው ጀሪካን ላይ ነው። ዘይቱን በትዕግሥት ያላጠለለ ሰው የፓምፓ፣ ማለትም ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ፣ ማሠሪያ ይከፍላል። በዓመት የቆጠበው ናፍጣ በአንድ ቀን ይሄዳል።

መኪናችሁ ይሆናል?

አዲስ የናፍጣ መኪና ካላችሁ ይቅርባችሁ። ኮመን ሬል የሚባለው ሥርዓት ያላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ ዲ-4ዲ የተጻፈባቸው ቶዮታዎች፣ ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት። ቆሻሻም ውፍረትም አይችሉም።

የሚሆነው የድሮው ዓይነት ነው። ነዳጁ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀጣጥሎ ከዚያ ወደ ፒስተኑ የሚወርድበት ሞተር። የላንድክሩዘሩ ዋን ኤችዜድ ሞተር እንዲህ ነው። ሃያስ ላይ ያሉት 2ኤል እና 3ኤል፣ የጥንቶቹ መርሴዲስ 240ዲ እና 300ዲም እንዲሁ። ከእነዚህም ውስጥ የመርሴዲሶቹ ፓምፓ በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ ብዙ ይታገሣል። የቶዮታዎቹ ፓምፓ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት ከገባበት ራሱን ይበላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አልሸጥም ማለቱ አይገርምም፤ እሱን ሙከራ ላይ ማዋል ግን ሁለቴ ማሰብ ይፈልጋል።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን የፈጠረው ለኦቾሎኒ ዘይት ነው የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። ትክክል አይደለም። እውነቱ በ1900 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቶ መታየቱ ነው። የዛሬዎቹ ፓምፓዎች ግን ለናፍጣ የተሠሩ ናቸው፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በክፍል ሙቀት ከናፍጣ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ይህን ውፍረት ለማሸነፍ ነው።

የትኛውን ዘይት?

አዲስ ዘይት ገዝቶ ሞተር ውስጥ መጨመር ሒሳቡም አይሠራ፣ ሕሊናም አይቀበለው። የምንፈልገው ተጠብሶበት ያበቃውን ነው። ሳምቡሳና ፓስቲ ቤቶችን፣ ቦምቦሊኖ ጠባሾችን፣ ችብስ የሚሸጡትን ጠይቁ። በረመዳን ሰሞን የሳምቡሳ ዘይት ይበዛል። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይሄን ዘይት ስንት ቀን ጠበሳችሁበት?» በሏት። ጠቁሮ፣ ሸትቶ፣ እንደ ማር የወፈረ ከሆነ ተዉት፤ አሲዱ በዝቷል። ሥጋ የተጠበሰበትም ጮማ ስላለው ይረጋል።

ቀጥሎ የዘይቱን ዘር ለዩ። ከውጭ ከሚገባው የምግብ ዘይታችን ትልቁ ድርሻ ፓልም ነው። ጠባሾች ይወዱታል፣ ሙቀት ይችላል። ለሞተርም ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፣ አይጣበቅም። ጉዱ የሚወጣው ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ይረጋል። የመኪናችሁም ቱቦ ውስጥ እንደዚያው።

የሱፍና የኑግ ዘይት ተቃራኒ ናቸው። በብርድ አይረጉም። አየርና ሙቀት ሲያገኛቸው ግን ቀስ በቀስ ይደርቃሉ። ኑግ ዘይት የፈሰሰበትን መደርደሪያ ከወር በኋላ ለመወልወል የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ቫርኒሽ ሆኖ ይጠብቃል። ያው ቫርኒሽ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ላይ ቢጋገር አስቡት። በነገራችን ላይ፣ በእነዚህ ዘይቶች የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ ለሚነዳ ሰው ፓልም ይሻላል። ደጋ ላይ ላለ ግን የሱፉን ወይም የኑጉን መጠቀም፣ ሳያከማቹ ቶሎ መጨረስ።

ውሃውን ማውጣት

ምግብ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ አለ። ድንቹ ያመጣዋል፣ ሽንኩርቱ ያመጣዋል። ፓምፓን የሚያዝገውና የሚያነክሰው እሱ ነው።

ቅቤ አንጥራችሁ ታውቁ ከሆነ ግማሹን ችሎታ ይዛችኋል። ቅቤው መጀመሪያ ይንጫጫል። ጫጫታው ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው። ዘይትም እንዲሁ ይናገራል። ደረቅ መጥበሻ በደንብ አግሉና አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ቸስስ ብሎ ከተንጫጫ ወይም አረፋ ካወጣ ውሃ አለው። ዝም ካለ ደረቅ ነው።

ውሃ ካለው ግን በርሜል ሙሉ ዘይት እሳት ላይ ጥዳችሁ ለማፍላት አትሞክሩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በርሜሉ ሥር የተኛው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ሲነሳ የጋለውን ዘይት ወደ ላይ ይወረውረዋል። ይልቅ እስከ 60 ዲግሪ ብቻ ለብ አድርጋችሁ በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ሙቅ ዘይት ይቀጥናል፣ ውሃውና ፍርፋሪው ይዘቅጣል። ከዚያ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ሳይነካ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀመጥ።

ስትቀዱ ከላይ ቅዱ። ጠላ ጠማቂ አተላውን እንደማትነካው ሁሉ የታችኛውን አትንኩ። ከ20 ሊትር 16 ወይም 17 ቢወጣችሁ ጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ስስት ይዞኝ እስከ ታች እቀዳ ነበር። ሁለት የነዳጅ ፊልትሮ በአንድ ወር ዘጋሁ።

ማጥለል

መጀመሪያ በአቡጀዲ፣ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ። ይህ ፍርፋሪውን ይይዛል። ቀጥሎ የ5 ማይክሮን፣ በመጨረሻም የ1 ማይክሮን ማጣሪያ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን፣ ራሱ በክብደቱ ይውረድ። በፓምፕ ካስጨነቃችሁት ቆሻሻውን ጨርቁ ውስጥ አልፎ እንዲሄድ ትገፉታላችሁ። ሲያልቅ የመጥበሻውን ፈተና ድገሙ። የጸዳ ዘይት ብርጭቆ ውስጥ ስታዩት ጥርት ይላል፤ ደመና ካለው አልደረሰም።

መኪናው ላይ

ቀላሉ መንገድ መቀላቀል ነው። በሞቃት ቦታ፣ በጠቀስኳቸው አሮጌ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 በመቶ ዘይት ከናፍጣ ጋር። ከ10 ጀምሩ። የመኪናው የነዳጅ ጋን ውስጥ ሳይሆን ውጭ፣ ጀሪካን ውስጥ ቀላቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩና ሳይለያይ ማደሩን እዩ። ለማቅጠን ብሎ ቤንዚን የሚጨምር አለ። አታድርጉ፤ ፓምፓውን ያደርቃል፣ እሳትም ይጠራል።

ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሁለት ጋን ያስፈልጋል። አንዱ የናፍጣ፣ ሌላው የዘይት። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በዘይቱ ጋንና ቱቦ ዙሪያ እንዲያልፍ ይደረግና ዘይቱን ወደ 70 ዲግሪ ያደርሰዋል። መሐል ላይ መቀያየሪያ ቫልቭ ይገባል። መካኒካችሁ የሚስተው አንድ ነገር የመመለሻ ቱቦውን ነው። ፓምፓው የተረፈውን ነዳጅ ወደ ጋን ይመልሳል። ቫልቩ መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ካልቀየረ ዘይቱ ናፍጣው ጋን ውስጥ ይገባል፣ በነጋታው ጠዋት ማስነሳት መከራ ይሆናል። የመዳብ ቱቦም አታስገቡ፤ መዳብ ዘይቱን ቶሎ ያበላሻል። ያረጁ የጎማ ቱቦዎችና ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) ይለሰልሳሉ፣ ቀድማችሁ ቀይሯቸው።

አነዳዱ ይሄ ነው። ሁልጊዜ በናፍጣ አስነሱ። የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ ከደረሰ በኋላም አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ታገሡና ወደ ዘይት ቀይሩ። ለማቆም ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀራችሁ ወደ ናፍጣ መልሱ፣ ዘይቱ ከፓምፓና ነዳጁን ከሚረጨው ኖዝል ታጥቦ ይውጣ። ከቤት እስከ ሥራ አሥር ደቂቃ ለምትነዱ ሰዎች ይህ ነገር አይሆንም። የሩቅ መንገድ ሰው ነው የሚጠቀምበት።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝ ውስጥ በዓመት ከ2,500 ሊትር በታች ለራሱ የሚያዘጋጅ ሰው የነዳጅ ቀረጥ አይጠየቅም። አሜሪካ ግን የመኪናን የነዳጅ ሥርዓት እንዲህ መለወጥ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውን ደንብ ይነካል። ሳታጣሩ አትጀምሩ።

ዘይቱን በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ወደ ባዮዲዝል መለወጥም አለ። ያ በውፍረቱ ከናፍጣ ጋር ይቀራረባል፣ ሁለተኛ ጋንም አይፈልግም። ግን ሜታኖል መርዝ ነው፣ ያሳውራል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። የቤት ጓሮ ሥራ አይደለምና እዚህ አልገባበትም።

ምን ትከታተላላችሁ?

ጉልበት በመጠኑ ይቀንሳል፣ ያን አትፍሩ። የሚያስፈራው የሞተር ዘይቱ ነው። ያልተቃጠለ የምግብ ዘይት በፋሻው በኩል ሾልኮ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይጋገራል። መለኪያ ዘንጉን በየሳምንቱ አውጡ። ደረጃው ከፍ ካለ ወይም ዘይቱ ክር እየሳበ ከተንጠባጠበ ያኔውኑ አፍስሱት። የሞተር ዘይት መቀየሪያውን ኪሎ ሜትር በግማሽ ቀንሱ። ፊልትሮ አንድ ትርፍ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ይኑር።

አንድ ቀን ደግሞ ደክሟችሁ ወደ ናፍጣ ሳትመልሱ ሞተሩን ታጠፋላችሁ። ሁላችንም አድርገነዋል። ወዲያው ትዝ ካላችሁ መልሳችሁ አስነሱና በናፍጣ እጠቡት። አድሮ ከሆነ ግን ጠዋት ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አታሠቃዩ። ፀሐይ እስክትወጣና መኪናው እስኪሞቅ ጠብቁ። ቫልቩን ወደ ናፍጣ አድርጉ፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፓ እስክትጠነክር ድረስ ጫን ጫን አድርጉ፣ ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ሳይነሳ የሚያሞቁትን) ሁለት ሦስት ጊዜ አግሉ፣ ከዚያ ሞክሩ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ያወጣል። ይተዋል።