የአርክቴክቸር ፕሮጀክት ወሰን አልያዝ ሲላችሁ ይህን ሞክሩ

ሦስት ሳምንት አንድ ቦታ ቆመን ነበር። የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ፕሮጀክታችን (የድርጅቱ ሥራና ሲስተሞች እንዴት እንደሚያያዙ የሚነድፍ ሥራ ነው) የራዕይና የወሰን ሰነድ አልፈረም አለ። በየስብሰባው አንዱ ክፍል «የእኛም ሲስተም ይግባ» ይላል፣ ሰነዱም እያበጠ ይሄዳል።

መጀመሪያ ራዕዩን ባማረ ቃል ጻፍነው። አልሠራም። ቀጥሎ አርኪ በሚባለው ሶፍትዌር ያሉንን ሲስተሞች በሙሉ መሣል ጀመርን። አራት ቀን በላብን። ሥዕሉ አምሯል፤ ምኑን እንደምንቀይር ግን አሁንም አልታወቀም።

ያወጣን ቶጋፍ የተባለውን የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር መመሪያ ከፍተን፣ ራዕይና ወሰን የሚወሰንበትን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ምዕራፍ ኤን (Phase A) ደግመን ማንበባችን ነው። ቶጋፍ ወሰንን በ4 መለኪያ ያየዋል፦ ስፋት (የትኞቹ የድርጅቱ ክፍሎች እንደሚገቡ)፣ ጥልቀት (ምን ያህል በዝርዝር እንደሚሠራ)፣ ጊዜ፣ እንዲሁም የአርክቴክቸር ዘርፎች፤ ማለትም ቢዝነስ፣ ዳታ፣ አፕሊኬሽንና ቴክኖሎጂ። እኛ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በስፋቱ ብቻ ነበር። ስለ ጥልቀትና ስለ ጊዜ ማንም አላነሳም።

ኤክሴል ከፈትኩ። ለአራቱ መለኪያ አራት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ፦ «ውስጥ» እና «ውጭ»። ቁልፉ ይሄ ነው፦ «ውጭ» የሚለውን አስቀድማችሁ ሙሉ። የደመወዝ ሲስተም፣ ውጭ። የኔትወርክ ዕቃ ቅያሪ፣ ውጭ። ዝርዝር ዲዛይን፣ ውጭ። የቀረው ሲታይ ራዕዩ ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ፦ «በ18 ወር ውስጥ አንድ ደንበኛ በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ መዝገብ ብቻ ይኖረዋል።»

ገንዘቡን የፈቀዱት ኃላፊ ያቺን አንድ ገጽ አይተው በማግስቱ ፈረሙ።

አንድ ነገር አትርሱ። «ውጭ» ካላችሁት እያንዳንዱ ነገር ጎን ምክንያቱንና መቼ እንደሚታይ ጻፉ። የደመወዝ ክፍሉ ሰው የተረጋጋው «በሁለተኛው ዙር ይታያል» የሚለውን ሲያነብ ነው።