መኪናው አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት

ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና አይጠፋም። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪው ሞቷል» ይላል፣ ሌላው «ኑ እንግፋው» ይላል። ባለቤቱ ግራ ይገባውና አዲስ ባትሪ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላላ ማሰሪያ ወይም ቻርጅ የማያደርግ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ይሆናል። ባትሪ ዛሬ በቀላሉ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጆሯችሁን ተጠቀሙ።

መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነውና ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን።

አሁን የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን ለማስነሳት አዙሩ። አንድ ሰው መብራቱን ይይላችሁ፣ እናንተ ድምፁን ስሙ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ፈጣን ድምፅ ተሰምቶ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው በደንብ አልያዘም።

አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ እንደደመቀ ከቆየ፣ ጥርጣሬው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ላይ ነው።

መብራቱ ደምቆ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን ረግጣችሁ ማርሹን ኤን ላይ አድርጉና ሞክሩ። አንዳንድ ማንዋል መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን እስከ ታች ካልተረገጠ አይነሳም። ካልሆነ ፊውዝና ሪሌይ (ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ) ወደ ማየት ሂዱ።

ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት ካልበራ፣ ወይ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ነው፣ ወይ ማሰሪያው ወልቋል፣ ወይ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል።

ሞተሩ እንደወትሮው እየዞረ ግን የማይነሳ ከሆነ ባትሪውን ተዉት፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ነው። ነገሩ ነዳጅ ወይም ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጋ ነው። የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ አይታችሁ ለባለሙያ ስጡት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የባትሪው ማሰሪያ ነው። ሁለቱን ማሰሪያዎች በእጃችሁ ያዙና ለማዞር ሞክሩ። ትንሽም ከተንቀሳቀሱ ልል ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካበቀሉም ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፉም። መብራትና ሬዲዮ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበቃቸው ይሠራሉ። ሞተሪኖ ግን ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ዝገቱ ያን ሁሉ አያሳልፍም። «መብራቱ ይሠራል፣ ታዲያ ምን ሆነ?» የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ለማጽዳት መኪናውን አጥፉና በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ጥቁሩን (ነጌቲቩን) ፍቱ፣ ከዚያ ቀዩን (ፖዘቲቩን)። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ቀዩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲውን ከነካ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ባትሪ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ዱቄቱ አሲድ ስላለበት ዓይንና እጃችሁን ጠብቁ። የሞቀ ውሃ አፍስሱበት፣ ቤኪንግ ሶዳ ካለ ጨምሩበት። ከዚያ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ስትመልሱ ቀዩን አስቀድሙ፣ ጥቁሩን አስከትሉ። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። ጥቁሩ ገመድ ከቦዲውና ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትንም ቦታ እዩ። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ባትሪውን ለኩት። ሌሊቱን ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ያህል ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው በሉት። ከዚያ አንድ ሰው ሲያስነሳ ቁጥሩን ተመልከቱ። ሞልቶ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ አርጅቷል።

እዚህ ላይ ስለ ብርዱ ልናገር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። የባትሪን ዕድሜ ቀስ በቀስ የሚበላው ሙቀት ነው። ብርድ ደግሞ የተዳከመውን ያጋልጣል፤ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል። ኮምቦልቻ ሲሠራ የሰነበተ መኪና ደሴ አድሮ አልነሳም ቢል አይግረማችሁ። እዚያው ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሸዋ በር ብቻ የሚመላለስ መኪናም በአጭር ጉዞ ባትሪው አይሞላም።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስትበደሩ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቁ። ተሳቢና ሌሎች ከባድ መኪኖች ባለ 24 ቮልት ናቸው። ሹፌሩ በቅንነት ልርዳችሁ ቢልም ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ አታያይዙት፤ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። ባለ 12 ከሆነ ቀዩን ገመድ ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ ዘርጉ። ጥቁሩን ከጤነኛው ነጌቲቭ አንስታችሁ፣ ጫፉን በማይነሳው መኪና ሞተር ላይ ቀለም የሌለው ብረት አስይዙት፤ ከባትሪው ራቅ ይበል። ጤነኛው መኪና ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ አስነሱ። ከ10 ሰከንድ በላይ በአንዴ አታዙሩ፤ ሞተሪኖው ይግላል። ሲነሳ ገመዶቹን በመጨረሻ ካሰራችሁት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ፍቱ።

በግፊት ማስነሳት የሚሆነው ለማንዋል ብቻ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ 2ኛ ማርሽ ገብቶ፣ ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ለጥ ባለ ቦታ ይሁን። እባካችሁ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሐረጎ ላይ ሞተር ሳይነሳ ቁልቁለቱን አትልቀቁት። ሞተር ካልሠራ የፍሬኑ ማገዣ ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ መሪው ይከብዳል። ቁልፉን ካወጣችሁት መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። አንድ ሞተር ለማስነሳት ይህን ያህል አደጋ ውስጥ መግባት አይገባም።

«ቋ» ብሎ ዝም ያለ ከሆነ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የሞተሪኖውን አካል በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከተነሳ ካርቦኑ (ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ቁራጭ) አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከተነሳ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ውሰዱት፣ ወደ ሌላ ጉዞ አይደለም።

ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ለውጡት። ሽቦ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት መኪና ያቃጥላል። ሪሌይ ከጠረጠራችሁ የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሪሌይ ጋር፣ ለምሳሌ ከጡሩምባው ጋር፣ አቀያይራችሁ ሞክሩ።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ዲናሞውን ሳታዩ አትሂዱ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። 12 አካባቢ ከቀረ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም፤ ቺንጊያው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ ወይም ተበጥሶ እንደሆነ እዩ። ከ15 ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። «ዲናሞው መሥራቱን ልይ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል ካለ አስቁሙት። ያ ለድሮ መኪና የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ዲናሞውንም ኮምፒውተሩንም ያበላሻል።

ቴስተር ከሌላችሁ በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት መጥፋቱን ተመልከቱ። ካልጠፋ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። ከተማው ውስጥ ወዳለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሂዱና የሰማችሁትን ድምፅ፣ መብራቱ መድመቅ መደብዘዙን፣ የለካችሁትን ቁጥር ንገሩት።